«እንዳይለቁለት!» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ሰው ገደል ልከት ለጥቂት ነው የቀረኝ፤ ያውም ከአውቶቡስ ወንበሬ ሳልነሳ።

ከአዲሎ ወደ ሆሳዕና እየመጣን ነበር። የመምህርነት ምደባዬን ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ካልተቀበልኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብያለሁ። ከተመረቅሁ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ዛሬማ ጭራሽ፤ ጉዳዬን ለሹፌሩ ሳይቀር ነግሬያለሁ።

ጠባቡን ቁልቁለት ስንወርድ ዳገቱን ከሚወጣ ጭነት መኪና ጋር ተፋጠጥን።

«ጓድ፣ መንገዱ የአባትህ ነው?» አለ የጭነቱ ሹፌር በመስኮት።

«የሰፊው ሕዝብ ነው!» ብዬ መለስኩለት። ተሳፋሪው ሳቀ። ሳቁ ልቤን አሳበጠውና «ጋሼ፣ እንዳይለቁለት!» ብዬ ጨመርኩ።

ሹፌራችን ጋሽ ሀንዲሶ ሞተር አጥፍተው ወደ ጭነቱ ሹፌር ወረዱ። በሀዲያ ወግ ከጠብም በፊት ሰላምታ አለ። ሚስት፣ ልጆች፣ ከብቱ፣ እንሰቱ ሳይቀር ተጠየቀ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እበግናለሁ።

ተመልሰው መጡ። «የጭነት መኪናው ፍሬን ደክሟል፤ ወደ ኋላ ከሄደ ገደል ነው» አሉን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አስተማሪው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ብለህ የጠየቅከውን ሰው ወደ ገደል አትገፋውም» አሉ።

እኛው ዳገቱን የኋልዮሽ፣ ቀስ እያልን ወጣንለት። ሰውየው ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሳ። አንገቴን ደፋሁ።

ቢሮው ተዘግቶ ደረስኩ። ነገ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ቦታው ይኑር አይኑር እንጃ። ያ ሰው ግን ቤቱ ገብቷል።

እናንተስ፣ በመንገድ ላይ ቁጣችሁን ያበረደላችሁ ሹፌር አለ? ንገሩኝ፤ ዛሬ እንደሁ እንቅልፍ የለኝም።