በእግሬ ነው የምመጣው

ትኬቱ የተላከልኝ ቀን ልጄ ስልክ ደውላ፣ «እማ፣ ዊልቸር አዝዤልሻለሁ» አለችኝ።

«የምን ዊልቸር?»

«ኤርፖርት ውስጥ የሚገፋሽ ሰው አለ። መሃል ላይ አውሮፕላን ትቀይሪያለሽ። ኤርፖርቱ ከተማ ነው የሚያክለው፣ ቋንቋውን አትችይም፣ ትጠፊያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ትያለሽ፣ እነሱ ይወስዱሻል። የሁሉም ሰው እናት እንደዚህ ነው የምትመጣው።»

ካውያው እጄ ላይ ነበር። ንዴቴ የሰው ሸሚዝ ሊያስጠብሰኝ ምንም አልቀረውም። እኔ እኮ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ባሌ ሲሞት ልጅቷ ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው የኖርኩት። ቆሜ ተኩሼ አሳደግኳት፣ ቆሜ አስተማርኳት፣ የሄደች ዕለት የለበሰችውን ልብስ እንኳ ቆሜ ነው የተኮስኩላት። ምሳዬንም ብትሉ ቆሜ ነው የምበላው፤ ከተቀመጥኩ ሥራው ይረሳኛል። እና አሁን ቁጭ በይና ይግፉሽ? ቆሽቴ አረረ።

«እግር አለኝ» አልኳት።

«እግርሽንማ በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ደም ስሩ ሁሉ ተገታትሯል።» ቀጥላም ዋናውን ነገር አመጣችው። «ደግሞ እማ፣ ከመጣሽ በኋላ አትመለሺም። ሱቁን ዝጊውና ነይ። ብቻሽን መኖር አትችይም።»

በሉ እንግዲህ። ዊልቸሩ መጀመሪያው ነው ማለት ነው። ዛሬ መራመድ አትችይም፣ ነገ ገንዘብ መያዝ አትችይም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አርፈሽ በመስኮት እያየሽ ተቀመጪ። ሞኝሽን ፈልጊ አልኩ በልቤ። በአፌ ግን፣ «ስሚኝ ልጄ» አልኳት፣ «ብቻዬን፣ በእግሬ ከመጣሁ ሱቄ አይዘጋም፤ አይቼሽ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ያ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ግን እንዳልሽው ይሁን፣ እዘጋዋለሁ።»

«እሺ፣ ተስማምተናል» አለችና ሳቀች። ያ ሳቋ ነው እልህ ውስጥ የከተተኝ።

የሱቁን ቁልፍ ከጎኔ ላለው ጫማ ሰፊ ሰጠሁት። እሱም አልማረኝም። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ከገበያ ስትመለሺ እንኳ በሄድሽበት መንገድ አትመጪም» አለኝ። ቁልፉን ያዝና አፍህን ዝጋ አልኩት።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ምንም አላስቸገረኝም። የሰጡኝን በላሁ፣ እንቅልፌን ተኛሁ። ስንወርድ ግን በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ፣ ወንበሯን ደቅናብኝ ቆማለች። በእጄ «አይሆንም» አልኳት። ወረቀቱን አሳየችኝ። ከትኬቴ ጋር አስተያየሁት፤ ስሜ መሆኑን አልካድኩም። ወንበሩን መታ መታ አደረገችልኝ፣ ልክ ለሕፃን እንደሚደረገው። እኔም ጭኔን መታ መታ አድርጌ አሳየኋትና መንገዴን ቀጠልኩ። ሂጂ ብላት ወይ ፍንክች፤ ባዶውን ወንበር እየገፋች ከኋላዬ ተከተለችኝ። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየናል።

አንድ ሰፊ አዳራሽ ስንደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቶች በየዊልቸራቸው ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፣ ተራውን እንደሚጠብቅ የደንበኛ ልብስ። አንዷ በኛው ቋንቋ ስታጉረመርም ሰማሁና ጠጋ አልኳት።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ? እግርሽን ነው?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ልጄ እንዳትነሺ ብላኝ ነው።»

«ቆየሽ እዚህ?»

«እኔ እንጃ፣ ቁርሴን እዚሁ ነው የበላሁት። መጥተን እንወስድሻለን ብለው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ።» ይህን እንዳለችኝ ብድግ ብላ ወደ ሽንት ቤት ሄደች፤ ቀጥ ብላ፣ ቀልጠፍ ብላ። ስትመለስ ደግሞ ያው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገች። እኔም ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

«ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ምን ያንቀዠቅዥሻል? ሰልፍ የለው፣ ድካም የለው። በነጻ ነው እኮ።»

«ለኔ ነጻ አይደለም» ብያት ሄድኩ። ወንበር ገፊዋም እዚያ ስትደርስ ተስፋ ቆርጣ ተለየችኝ።

እንግዲህ የምትሄዱ ካላችሁ ሌላ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን አይታይም። የሚታየው ሱቅ ነው፤ ሽቶ፣ ሰዓት፣ ቸኮሌት፣ አለፍ ስትሉ ደግሞ ያው ሽቶ። እሱን ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ከላይ የተንጠለጠለ ቢጫ ጽሑፍ ከነቀስቱ አለ፣ ዓይናችሁ ከእሱ አይነሳ። ወረቀታችሁ ላይ የበራችሁ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል። ፊደሉን ባታውቁት መልኩን ያዙት፤ የኔዋ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ሆዷ ሁለት ቦታ ላይ ያበጠ ነበረች። መንገድ ከጠፋችሁ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠይቁ እንጂ ተሳፋሪ አትጠይቁ፤ ተሳፋሪ እንደናንተው የጠፋ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አብሯችሁ የመጣ ሰው አትከተሉ።

ይሄን የመጨረሻውን ከየት አመጣሽው በሉኝ። አውሮፕላኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገ፣ ደርበብ ያለ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ዳቦውንም አካፍሎኛል። አዳራሹን አልፌ ከፊቴ ሲሄድ ሳየው ልቤ አረፈ። አብሮኝ የመጣ አብሮኝ ይሄዳል ብዬ ቢጫውን ጽሑፍ ትቼ ባርኔጣውን ተከተልኩ። ምን ላድርግ፣ እኔ የማውቀው አውቶቡስ ነው፤ አንድ ላይ የተሳፈረ አንድ ላይ ይወርዳል። ሰውዬው ሹፌር የሌለው ባቡር ውስጥ ገባ፣ ገባሁ። ሲወርድ ወረድኩ፣ በኤስካሌተር ሲወጣ ወጣሁ፣ ሲቀመጥ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሰለፍ ከኋላው ተሰልፌ ወረቀቴን ሰጠሁ። ማሽኑ ቀይ አበራና ጮኸ። ተቆጣጣሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው በሩ ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝና ገባ። ለካ የሚሄደው ሌላ አገር ነው።

ክው አልኩ። ያንን ሁሉ መንገድ እየሮጥኩ፣ ለየዩኒፎርሙ ወረቀቴን እያሳየሁ፣ ተመልሼ በሬን አገኘሁት። ተዘግቷል። በመስታወቱ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ይታየኛል። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እግሬ ይቃጠላል። ያኔ እውነቴን ነው ፈራሁ፣ አለቀስኩም። ሱቄን፣ ጠረጴዛዬን፣ ስንት ዓመት የለመድኩትን ደንበኛ በአንድ ባርኔጣ ምክንያት ያጣሁ መሰለኝ።

ባንኮኒው ጋ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ትኬቱ ላይ በተመዘገበው ቁጥር ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ልጄ ናት።

«እማ፣ አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ? አሁን ዊልቸር ያመጡልሻል። በቃ፣ ቁጭ በይ።»

እውነትም መጣ። የምትገፋውም ያችው ልጅ ናት። ወንበር ስላችሁ ደግሞ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስፖንጅ አለው፣ የእግር ማሳረፊያ አለው። እግሬ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ አለኝ። ብቀመጥ ማን ይወቅሰኛል? ልጄ እንደሆነች ደስታዋ ነው። ግን ያ ሳቋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«የሚቀጥለው አውሮፕላን መቼ ነው?» አልኳት።

«ከቀትር በኋላ። ቦታ ይዘውልሻል። እማ፣ ተቀመጥሽ?»

«ቆሜያለሁ» ብያት ስልኩን ለሠራተኛዋ መለስኩላት።

እስከዚያው አረፍ ያልኩት በተራው ወንበር ነው፣ ጎማ በሌለው። ሰው ብከተል በአፍንጫዬ ይውጣ ብዬ ነው የዋልኩት። በሩን ደግሞ ቀየሩብኝ፤ ሰው እየተነሳ ሲሄድ አየሁና ወረቀቴን ይዤ ሠራተኛ ጠየቅኩ፣ በጣቱ አሳየኝ፣ ሄድኩ። ሲሰለፉ ፊት ነበርኩ። ማሽኑ አረንጓዴ ሲያበራልኝ ተቆጣጣሪዋን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ሁለተኛው አውሮፕላን ሲያደርሰኝ ልጄን መውጫው ላይ ቆማ አገኘኋት። ከጎኗ ዊልቸር አለ፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቀጥ ብዬ ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ።

«ጠፍተሽ ነበር» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«ጠፍቼ ነበር።»

«ታዲያ ምኑን ቻልሽው?»

«አልጠፋም አላልኩሽም። በእግሬ እመጣለሁ ነው ያልኩሽ። ይኸው መጣሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰው እያየን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጠጋ ብዬ ሳያት ከስታለች፤ የተኳሽ ልጅ ሆና ሸሚዟ ተጨማዷል።

«እማ፣ ከሥራ ስገባ መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ፣ የማጠፋውም እኔ ነኝ» አለችኝ። «ቤቴ ውስጥ ሰው ሲያስል መስማት አማረኝ።»

አንጀቴን በላችው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን በስልክ ብትነግሪኝ ኖሮ እንኳን በዊልቸር፣ ሻንጣ ውስጥም ታጭቄ እመጣልሽ ነበር። አትችይም፣ አትችይም ትይኛለሽ እንጂ።»

«ትቀሪያለሽ ታዲያ?»

«አልቀርም። ሱቄንም አልዘጋም።»

ፊቷ ጠቆረ። እንባዋን በመዳፌ ጠረግኩላትና የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከልኩ።

«ስመለስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አልኳት። «ለወርም ይሁን ለዘላለም አንቺ ታውቂያለሽ። መንገዱን እንደሆነ አትስጊ፤ እኔ እወስድሻለሁ።»