የዙሀራ እሁድ

ዙሀራን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ቁጭ ብላ አይቷት አያውቅም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ታጸዳለች። እሁድ ደግሞ ሌላው ሰው እግሩን ሲዘረጋ እሷ ቡና መጋዘን ገብታ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ባሏ ሙሀጅር አጋሮ ከተማ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ስለሚሠራ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ትንሿ ልጃቸው ነጅላ እሁድን የምትውለው ጎረቤት ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ስታለቅስ ዙሀራ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቃ ነበር የምትሄደው።

ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ተቀነሰ ሲባል ዙሀራ አላመነችም። ሲቆረጥ እንጂ ሲቀነስ መቼ አይታ! የሐምሌ ደመወዟ ሲገባ ግን እውነትም ከፍ ብሏል። ወሬውን ገበያውም ሰምቶ ኖሮ ዘይቱም ሽንኩርቱም ጊዜ ሳይፈጁ ተወደዱ። ያም ሆኖ የተረፋት እሁድ ለቅማ ከምታገኘው ጋር ተቀራረበ። ለባለ ትልቅ ደመወዝ ይህ ምኑም ላይሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን ከልጇ ጋር የምትውልበት ሙሉ ቀን ነበር።

ጭንቁ አብረዋት ለሚለቅሙት ሴቶች መንገሩ ላይ ነው። እነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ የወር ደመወዝ ስለሌላቸው የሚቀነስላቸውም ግብር የለም። እኔ ቀለለልኝ፣ እናንተ በርቱ ተብሎ እንዴት ይወጣል? ያውም ሥራውን ላስተማሯት ለእማማ ሀዋ! አፍራ፣ ሳትነግራቸው እሁድ መሄዱን ተወች።

መጋዘኑ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ከሴቶቹ አንዷ ስትታመም ሁሉም ከለቀሙት እፍኝ እፍኝ ወደ እሷ ኬሻ ይጨምራሉ፤ ማታ ተመዝኖ በስሟ ይከፈላል። ዙሀራ ሳትናገር ስለቀረች ታመመች ብለው ደመደሙ። እሷ ቤቷ ከልጇ ጋር ስትስቅ እነሱ ወገባቸው እየተቆረጠ ኬሻዋን ይሞሉላት ጀመር።

አንድ እሁድ እማማ ሀዋ ከሥራ ሲወጡ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ የተጠራቀመላትን ብር በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ዙሀራ ሰፈር ቦሳ ኪቶ ድረስ በሽተኛዋን ሊጠይቁ መጡ። በሽተኛዋን ደጅ ላይ ከነጅላ ጋር ገመድ ስትዘል አገኟት።

“አፊያ ሆነሽ ነው? ድነሻል እንዴ?” አሉ።

ዙሀራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዓይኗን ሳታነሳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

“እኔ እኮ መንገዱን ሙሉ እንዳትሞቺብን ዱዓ ሳደርግ ነው የመጣሁት” አሏትና ሳቃቸው አመለጣቸው። “ማሎ፣ እባክሽ፣ በዚህም ይታፈራል? እኔ እሁድ ቤት መዋል ምን እንደሚመስል ሳላውቀው አረጀሁ። አንቺ እወቂው።”

ብሩን አልቀበልም ብትል አሻፈረኝ አሉ። እሷም እንግዲያው የሚቀጥለውን እሁድ እርስዎ ቤት ይዋሉ ብላ ለመነቻቸው፤ ስንት ተግደርድረው እሺ አሉ።

በተባለው እሁድ ዙሀራ ማልዳ መጋዘኑ ገብታ እማማ ሀዋ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የለቀመችውንም በእሳቸው ስም አስመዘነች። ሲመሻሽ፣ ነጅላ ጎረቤት ቤት አኩርፋ ትጠብቀኛለች እያለች እየተጣደፈች ተመለሰች።

ለካ እማማ ሀዋ ቤታቸው ብቻቸውን መቀመጡ አልሆንላቸው ብሎ፣ ረፋዱ ላይ መጥተው ነጅላን ከጎረቤት ወስደዋታል። ዙሀራ የቤቷን በር ስትከፍት አሮጊቷ ፍራሹ ላይ እግራቸውን ዘርግተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ራሳቸው የልጅቷ ጭን ላይ ነው። ነጅላ እግሯ ደንዝዞ እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

“ቀስ በይ ኡሚ” አለች በሹክሹክታ፣ “እሁዳቸው ነው።”