ወፍጮ ቤቱና የፊተኛው ወንበር

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ማንኮራፋት ያልነገረችው ጎረቤት የለም። «ሠላሳ ዓመት ከወፍጮ ቤት ጎን ነው የተኛሁት!» ትላለች፤ እሱ እየሰማ ይስቃል።

ልጃቸውን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ ሊሄዱ አውሮፕላን ጣቢያ ደረሱ። ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪና ስትረግጥ ያበጠ እግሯን ያየች የአየር መንገዱ ሠራተኛ አዘነችላት።

«እናቴ፣ ቢዝነስ ክፍል አንድ ወንበር ተርፏል፤ ያለ ክፍያ ላስገባዎት።»

«ሂጂ እንጂ!» አለ ባልየው። «ዛሬ እንኳ ከእኔ ተገላገይ።»

ሄደች። ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ሆነላት፤ ዙሪያው ጸጥ ረጭ አለ። እንቅልፍ ግን ድራሹ ጠፋ። ግራ ቀኝ ብትገላበጥም ጆሮዋ የሆነ ነገር ጎደለበት።

«ወይ አንተ ሰውዬ፣ አስለምደህ ገደልከኝ!» ብላ ጫማዋን አጠለቀችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ወፍጮው ከሩቅ ይሰማል። የእሷን ቦታ የያዘው ጎልማሳ ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ዓይኑን አፍጥጧል።

«ወንድሜ፣ የእኔ ወንበር ፊት ነው፤ ብንቀያየር…»

ሳትጨርስ ሰውዬው ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጋረጃውን አለፈ። እሷም ራሷን ባሏ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ወዲያው፣ ባልየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ ያላለው ሁለተኛው ወፍጮ መፍጨት ጀመረ።