ከእንጨቱ ላይ የተነበበው ቁጥር

በዚህ ከተማ የጦር መሣሪያ የሚሰበስብ ሐበሻ ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃል፤ ከነዚያም አውራ ጣቱ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ቀጥሎ የምጽፈው እንዲገባችሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ቶሮንቶ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ላይ ተቀምጬ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ብቻ የጦር መሣሪያን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ለይቼ አወቅሁ። እንግሊዝኛውንም መሣሪያውንም አብሬ ነው የተማርኩት። የመሣሪያ ሕጉን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አንድ ጠበቃ ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠይቆኛል።

ያለኝ መሣሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የሠሩት አጭር መትረየስ ነው። ተከታታይ ተኩሱ ተዘግቶ አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩስ ተለውጧል፤ እንደዚያም ሆኖ እዚህ አገር የተከለከለ ነው። ሕጉ ሲወጣ በእጃችን የነበረ ሰዎች ብቻ እስክንሞት እንድንይዘው ተፈቅዶልናል። ለልጅ አይወረስም። የሚሸጠውም እንደኛው ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ወደ ተኩስ ሜዳ መውሰድ ከቀረ ቆይቷል። የቀረልን መወልወል ነው፤ በመወልወል ደግሞ የሚያህለኝ የለም። ሌሎቹ ለእንጨቱ ብለው ከመሣሪያ ሱቅ በትንሽ ጠርሙስ በውድ የሚገዙት ዘይት የኛው ተልባ መሆኑን በጠረኑ ያወቅሁ እኔ ነኝ። ዳንፎርዝ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ እገዛና የቀረውን ጠጥቼ ለሆዴ አደርገዋለሁ።

መንግሥት ሁሉም እንደገና ይመዝገብ ባለ ጊዜ የመሣሪያ መለያ ቁጥር የሚያረጋግጡ በጎ ፈቃደኞች ተፈልገው ነበር። እኔ አንዱ ሆንኩ። ሰዎች ከሩቅ እየመጡ “አንብብልን” ይሉኝ ነበር፤ አነብላቸው ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ስላለ ቤቴን ሸጬ ሊፍት ወዳለው ፎቅ ልገባ ሆነ። መትረየሱን ያለ ፈቃድ ከበር ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ አድራሻዬን ለመቀየርና የማጓጓዣ ወረቀት ለማግኘት ለመሣሪያ ምዝገባ ቢሮው አመለከትኩ፤ አንዲት መርማሪ ቤቴ መጣች። ወጣት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ወደድኳት። ካዝናዬን አየች፣ ቁልፉን አየች፣ ጥይት ለብቻው መቀመጡን አየች። “በጣም ጥሩ ነው፣ ጌታዬ” አለች። “ከዚህ የተሻለ አያዩም” አልኳት።

ከዚያ መትረየሱን ፎጣ ላይ አጋድማ፣ በትንሽ ባትሪ ከብረቱ ሆድ ሥር አበራችና ወረቀቴን አየች። እንደገና አበራች።

“ጌታዬ፣ ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር በሰባት ያልቃል። ይሄ በሁለት ነው የሚያልቀው።”

“እንደገና ያንብቡት።”

“ሦስት ጊዜ አነበብኩት።”

ሳቅሁ። የቢሮ ስህተት መሰለኝ። ከዚያ ዓይኔ መሰለኝ። ማጉያ መነፅሬን አምጥቼ ከእንጨቱ ሰደፍ ላይ የተመታውን ትልቁን ቁጥር አሳየኋት። “ይኸው ሰባት!”

“እንጨት መሣሪያ አይደለም፤ መሣሪያው ብረቱ ነው” አለች፣ በትሕትና።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ እኔ አውቃለሁ። አሁን ከእሷ አፍ ስሰማው የማላውቀው ሕግ መሰለኝ።

በመጨረሻ የነገረችኝ ይህ ነው። በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር በስሜ የለም። ቤት እስክለቅ ጉዳዩ ካልተፈታ መትረየሱን መጥታ ትወስደዋለች፤ የተወሰደ ደግሞ ይቀልጣል እንጂ አይመለስም።

ከሄደች በኋላ ካዝናውን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ወረቀቱን አነባለሁ። ሌባ ገብቶ ለውጦት ይሆን? ሌባ ለውጦ አይሄድም። ዕቃ ልታሽግልኝ የመጣችው ልጄ ፊቴን አይታ፦

“አባዬ፣ ጀስት ሰረንደር አድርገው፣ ስጣቸውና ይውሰዱት። ስትሬስ ነው የሆነብህ።”

“የኔ ነውኮ!”

“ወረቀቱ አይደለም ነው የሚለው።”

ያን ጊዜ ነው ሁለት እንደነበሩኝ ያስታወስኩት። ሁለት መንታ መትረየሶች ነበሩኝ፤ አንዱን ከምዝገባው በፊት ለጓደኛዬ ሸጥኩለት። ጓደኛዬ ጡረታ የወጣ ፖርቱጋላዊ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ በኤግሊንተን ዌስት በኩል ይኖራል፤ “ፕሮፌሰር” እያለ ይቀልድብኛል። በማግስቱ መትረየሱን ካዝናው ውስጥ ቆልፌ፣ በዚያ ለባቡር ተብሎ ለዓመታት ተቆፍሮ በኖረው መንገድ በአውቶቡስ ሄድኩ።

“ፕሮፌሰር፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተ?”

“መትረየስህን አውጣና ሆዱን አንብብልኝ።”

አነበበ። ብረቱ በሰባት ያልቃል። እንጨቱና ወረቀቱ በሁለት። ከኔ ፍጹም ተገላቢጦሽ!

ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። “ቆይ፣ በኔ ወረቀት ከሄድን አንተ ቤት ያለው የኔ ነው ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የኔን በነፃ ወለወልክልኝ! እጅህ ይባረክ!”

“አንተ ቤት ያለውስ የኔ አይደል? ለምን ዝጎ አየዋለሁ?”

“እንግዳ ስለሆነ ነዋ።”

ለእሱ ቀልድ ነው። ለኔ ግን እንቆቅልሽ ነው። በዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጬ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ሁለቱንም ፈትቼ፣ ሰደፎቹን ተልባ ቀብቼ፣ እንዲደርቁ ምድር ቤት ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅያቸው ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንሶላ ልታሰጣ አወረደቻቸው። ስመለስ ተደራርበው ከወንበር ላይ ነበሩ። አንስቼ ገጠምኳቸው።

በኋላ ምዝገባው ሲመጣ የሁለቱንም መትረየሶች ቁጥር ያነበብኩት እኔ ነኝ። የብረቱ ደቃቃ ነው፣ ከሆዱ ሥር ነው፤ የእንጨቱ ትልቅ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ስለማውቅ ከእንጨቱ አነበብኩ። ጓደኛዬ አላየም፤ እኔን አምኖ ፈረመ። የሌሎቹን ሰዎች ሁሉ ግን ከብረቱ ነው ያነበብኩት። የራሴን ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ለመርማሪዋ ደወልኩ። እሷም እንደኔው ተደናግራ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። “መሣሪያዎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ። ወረቀቱን ነው የምናርመው። ስህተቱን የሠራው ሰው እንዴት እንደሆነ ጽፎ ይፈርም” አለች።

ማታውን ልጄ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ እኔ አስጻፍኳት። “በሟች ባለቤቴ አለማወቅ ምክንያት ሁለቱ ሰደፎች ተቀላቅለው…”

መጻፏን አቆመች።

“አባዬ፣ ቁጥሩን ያነበበችው እማዬ ናት?”

“እንጨቶቹን ያወረደችው…”

“ቁጥሩን ማን አነበበ?”

አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ ሟች ደግሞ አይከራከርም። በሥሩ ግን ስሜን የምፈርመው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያን ቀን አንሶላ ነው ያሰጣችው፤ በዚያው አንሶላ ላይ ተኝቻለሁ።

“ደልዢው” አልኳት። “እንዲህ በይ። ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከእንጨቱ ላይ ነው ያነበብኩት። አረጋጋጭ ነበርኩ፤ አላረጋገጥኩም።”

“ኢትስ ኢናፍ፣ አባዬ።”

“አይበቃም። ጓደኛዬ ጥፋት የለበትም በይ።”

መርማሪዋ ደብዳቤውን ይዛ የኔንም የጓደኛዬንም ቤት አየች። ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ከረምኩ። ቤቱን ልለቅ ትንሽ ሲቀረኝ የታረመው ወረቀትና የማጓጓዣው ፈቃድ በአንድ ፖስታ ደረሱ። ከዚህ ሁሉ እኔ በራሴ የሠራሁት፦

ስህተቱን ቢሮው ሳያገኘው ከየት እንደመጣ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ጠበቃ።

የጓደኛዬ መትረየስ እንዳይወሰድ አድርጌያለሁ። ምስጋናው ግን “ፕሮፌሰር ማንበብ ተማረ” የሚል ነው።

የራሴን በፈቃዱ፣ ተቆልፎ፣ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ አስገብቻለሁ።

የባለቤቴን ስም ከደብዳቤው አስወጥቻለሁ።

በአረጋጋጭነቴ ዘመን ቁጥር ያነበብኩላቸውን፣ በሕይወት ያሉትን፣ አንድ በአንድ ደውዬ ከብረቱ እንዲያዩ አድርጌያለሁ። ሁሉም ልክ ነው። ግራ የሚያጋባኝም ይኸው ነው።

የኔን ሰደፍ ፈትቼ፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ወስጄ ከጓደኛዬ ሰደፍ ጋር ተለዋውጠናል። እንጨት መሣሪያ አይደለም፤ ማንም አላስቆመኝም።

አዲስ ተልባ ቀብቼዋለሁ፤ ብቻውን ነው የሰቀልኩት።

አሁን ብረቱም፣ እንጨቱም፣ ወረቀቱም በሁለት ያልቃሉ። ልጄን ጠርቼ እሷም እንድታነበው አድርጌያለሁ።