የታዲዎስ ጥሩምባና የዘጠኝ ሰዓቱ ድማሚት

ታዲዎስ ካልነፋ በዚህ የካዛንቺስ ሰፈር ሰው በወጉ ሞተ አይባልም። ሃያ ስምንት ዓመት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሳንባውን ሲከፍተው ቄራ ያሉ በሬዎች ኑዛዜ ይጀምራሉ፤ ደምበል ሕንፃ ላይ ሊፍት ቀጥ ይላል። ምስክሩ እንግዲህ ራሱ ታዲዎስ ነው።

ከጓሮው አጥር ማዶ የሚቆፈረው የሕንፃ መሠረት ግን ለዚህ ሳንባ አልተበገረም። ተቋራጩ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ድማሚት አመጣ። ደስ ባለው ሰዓት ያፈነዳል፤ ንጋት የለ፣ ምሳ የለ። የጭቃ ግድግዳው በየቀኑ ከመሰንጠቁ የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተያየ፣ «እንብላ» እየተባባለ መብላት ጀምሮ ነበር። ታዲዎስን ያንገበገበው ግን ግድግዳው አይደለም። ሚስቱ ሙሉነሽ የልብ ሕመምተኛ ናት። ድማሚቱ በፈነዳ ቁጥር ከንፈሯ ይጠቁርና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካት» ብሏል።

ታዲዎስ ወረዳ ተመላልሶ፣ አንድ ጫማ ጨርሶ፣ ተቋራጩን ለስምምነት አስቀመጠው። ወረቀቱን ያረቀቀው ራሱ ነው። ፍንዳታ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አራት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት። ሰዓት ለመቀየር የፈለገ ወገን ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ።

«ይቺን ሦስት ቀን ማንም አይነካትም!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው።

«እሺ ጋሽ ታዲዎስ» አለ ፎርማኑ ገቢሳ። «ግን ማስጠንቀቂያ የሚጮኸው ነገር ተበላሽቶብናል። እርስዎ ጥሩምባ አለዎት አይደል? እርስዎ ከነፉ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እናፈነዳለን። እርስዎ ካልነፉ፣ በቃ፣ የለም።»

ታዲዎስ የዚያን ቀን ቁመቱ በአንድ ክንድ ጨመረ። የካዛንቺስ ድንጋይ ያለ እሱ ፈቃድ አይፈነዳም! ከመንፋቱ በፊት የሙሉነሽን ጆሮ በጥጥ ይደፍናል፤ ነፍቶ ሲመለስ እጇን ይይዛል።

መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ግራ ተጋባ። ጥሩምባ ሲሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

«ማነው የሞተው?»

«ድንጋይ ነው! ከቤት ውጡ!»

ጎረቤቱ ረውዳ ለድንጋይ ስድስት ጊዜ አልቅሳለች። በሁለት ወር ግን ሰዉ ሠለጠነ። ጥሩምባ ሲነፋ ልጁን ይዞ፣ ድስቱን ከድኖ፣ ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። ሰማንያ የሞላቸው አዛውንት ታክሲ ቀድመው ሲወርዱ ታይተዋል።

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሙሉነሽ ሞተች። ድማሚት አልነበረም። ታዲዎስ በለመነላት ጸጥታ መሐል፣ ሾርባ ሊያቀምሳት ማንኪያውን ሲያነሣ፣ ዝም አለች።

ዓይኗን ከደነላት። ከዚያ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ጥሩምባውን አንሥቶ ወጣና ነፋ።

በሮች ተከፈቱ። መጡልኝ ብሎ አሰበ። እነሱ ግን አጠገቡ እየተጋፉ አለፉት።

«ሙሉነሽ! ኧረ ሙሉነሽ!» ብሎ ጮኸ።

ረውዳ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ዞር አለች። «ታዲያ ይዘዋት ይውጡ እንጂ፣ ጋሽ ታዲዎስ!»

አምስቱ ደቂቃ ትዝ ያለው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ነው። ወደ ጉድጓዱ ቢሮጥ አይደርስም። ወደ ቤት ሮጦ ላይዋ ላይ ተደፋ። ገቢሳ ለዘጠኝ ሰዓት የተሞላውን ድማሚት፣ ሰዓቱን አይቶ እየተገረመ፣ «እሳቸው ከነፉማ» ብሎ አፈነዳው። ኮርኒሱ ከነአቧራው ወረደ።

መጀመሪያ የተመለሰችው ጀማነሽ ናት፤ የእድሩ ጸሐፊ።

«አንተ ሰውዬ! ዘጠኝ ሰዓት አልነበር የተባባልነው? ምን ነክቶህ ነው? ድስቴን እኮ እሳት ላይ...»

በሩ ላይ ደረሰች። ታዲዎስ በእጁ መዳፍ ከሙሉነሽ ፊት ላይ አቧራ ይጠርጋል። ጀማነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀችው፤ ከዚያ ኡኡታው ቀለጠ።

ገቢሳ የብረት ቆቡን አውልቆ ገባ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሯ» አለ ታዲዎስ። «አስከሬን ስናወጣ እንዳታፈነዱ።»

ገቢሳ መሬት መሬት አየ። «በእኔ ቢሆን ኖሮ... ማለቴ፣ የሰዓት ለውጥ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ነው። ጥሩምባ ባይነፋም አፈንዳ ይሉኛል፤ አለቆቼ በዚያች ወረቀት ይምላሉ።»

ታዲዎስ ከዓርብ ወደ ኋላ በጣቱ ቆጠረ። ሙሉነሽ ማክሰኞ ዕለት ማሳወቅ ነበረባት።

ገቢሳ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶና ወረቀት አወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማክሰኞ የተጻፈ ያስመስሉት፣ ጋሼ። እኔ ፋይል ውስጥ አስገባዋለሁ» አለው።

ታዲዎስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ባለቤቴ ወይዘሮ ሙሉነሽ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ስለምትቀበር» ብሎ ጻፈ። የማክሰኞን ቀን ሊጽፍ እስክሪብቶውን ወደ ላይ ወሰደ። ማክሰኞ ሙሉነሽ ደኅና ነበረች፤ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ፀጉሯን ተሠርታ፣ «አማረብኝ?» ብላው ነበር።

ገቢሳ ቆሞ ጠበቀው። የታዲዎስ እጅ ግን ቀኑን አልጽፍ አለ።