መምሬ ያልጻፉት መልስ

መምሬ ገብረ ሊባኖስ መጻፍ አይችሉም ነበር። ላሊበላ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንስ ይጠረጥራል? ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚወርዱት፣ ግእዙን እንደ ውሃ የጠጡት ሰው ስማቸውን መጻፍ ያቅታቸዋል ብሎ ማን ያስባል? ግን በእሳቸው ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ንባብ እንጂ ጽሕፈት አያስተምርም። የኔታ ብዕር የያዘ ተማሪ ካዩ "አስማት ልትጽፍ ነው?" ብለው በአርጩሜ ይሉት ነበር። በዚሁ ስድሳ ዓመት ሞላቸው። ቀበሌ ይፈርሙ ሲባሉ "መነጽሬን ረስቼ" ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ያስነካሉ።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ የንስሐ ልጃቸው የሻረግ የልጇን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ሙሉሃብት፣ ባድመ ዘምቶ። መምሬ ጥርት አድርገው አነበቡላት። አልቅሳ ስታበቃ "መልሱንም እርስዎ ይጻፉልኝ፣ አባቴ፤ ገመናዬን ለሌላ ሰው አላወጣም" አለች።

አልችልም ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት። አፋቸው እምቢ አለ። "አንቺ ተናገሪ፤ ቤቴ ገብቼ እጽፈዋለሁ" አሏት።

ተናገረች። ላሟ መውለዷን፣ ጤፉ መታጨዱን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጥሎኝ ሲዘምት ረግሜው ነበር። እርግማኔን አንስቻለሁ ይበሉልኝ" አለች። የእናት እርግማን ምን እንደሆነ ከቄስ በላይ ማን ያውቃል?

ቤታቸው ገብተው እስክሪብቶ ያዙ። ፊደሉን ዓይናቸው ያውቀዋል፤ እጃቸው አያውቀውም። ወረቀቱ ዶሮ የጫረው መሰለ፤ ቀደዱት። አስተማሪው አረጋ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ነው፤ አንድ ቃል ቢሉት በደስታ ይጽፍላቸዋል። እሱ ፊት መዋረድን ፈሩ። በሳምንቱ የሻረግ "ተላከልኝ?" አለች። "ተልኳል" አሉ፤ መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች።

በጥር ሌላ ደብዳቤ መጣ። "እማዬ፣ አሁንም አልታረቅሽኝም? ከጥይቱ ይልቅ እርግማንሽ ያስፈራኛል" ይላል። መምሬ ይህችን መስመር ዘለሏት። "ደህና ነኝ፣ አታስቢ ይላል" አሉ። የሻረግ ደስ አላት። እሳቸው ከዚያን ቀን ወዲህ መቅደስ መግባት አቃታቸው፤ አሞኛል እያሉ ቅዳሴ ቀሩ። ምእመናኑ ጠበል ይዘው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ደግሞ ባሰባቸው። እፍረት ወላድ ናት፤ ትንሿን ሸፈንኩ ስትል ትልቋን ታመጣብሃለች።

በየካቲት፣ አንድ ቀን በማለዳ፣ የሻረግን ይዘው አረጋ ደጅ ቆሙ። "ልጄ፣ እኔ መጻፍ አልችልም። እሷንም ዋሽቻታለሁ" አሉ፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። የዘለሉትንም መስመር አነበቡላት። የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አረጋ "ምን ልጻፍ?" ሲላት የቀድሞ ንግግሯ ጠፋባት። መምሬ ግን ይዘውታል፤ ላሟንም፣ ጤፉንም፣ እርግማኑንም አንድ ቃል ሳያጎድሉ ወረዱት። አረጋ ጻፈ።

ደብዳቤው በሚያዝያ ሳይከፈት ተመለሰ። ጀርባው ላይ በቀይ ተጽፎበታል። የሻረግ ወደ አረጋ አልሄደችም፤ ለመምሬ ዘረጋችላቸው።

ማንበቡንማ ይችላሉ። "የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ተሰውቷል ይላል፣ ልጄ" አሏት።

"እኛ የጻፍነው መቼ ነበር?"

"ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት" አሉ። ይህንንም አልዘለሉትም።