የአባቴ መጫኛ

ትናንት ደባርቅ አንድ ወጣት በቅሎውን በናይለን ገመድ ሲጭን አየሁ። ጎኗ ተገጥቦ ይደማል። ደሜ ፈላ።

ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የውጭ እንግዶች መጡ። «ዓለም አንድ ቤተሰብ ናት» የሚል ባነር ቢሰቀልላቸው የሊማሊሞ ነፋስ ሦስት ጊዜ ጣለው። በመጨረሻ የእንግዶቹን ጓዝ በበቅሎ ያመጡት አባቴ ተጠሩ። የጠፍር መጫኛቸውን ፈትተው ባነሩን ከሁለት ባሕር ዛፎች ጋር ወጥረው አሰሩት። ነፋሱ ንቅንቅ አላደረገውም። ከእንግዶቹ ኋላ ሊቀመጡ ሲሉ ግን መምህራችን፣ «አባት፣ ልብስዎ በቅሎ በቅሎ ይሸታል፤ ውጭ ይጠብቁ» አላቸው።

ተከትያቸው ወጣሁ።

«አባባ፣ መጫኛዎን ይፍቱት! ይውደቅባቸው!»

«ከፈታሁትማ ማን ያስረዋል? ይልቅ ነይ፣ ቋጠሮውን ላሳይሽ።»

«እኔ ተማሪ ነኝ! የበቅሎ ጭነት ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ጮህኩባቸው። ዳግመኛ ላሳይሽ አላሉኝም።

ትናንት የወጣቱን ገመድ ከእጁ ነጠቅኩት።

«እንዲህ አይጫንም! በቅሎዋን እኮ ገደልካት!»

«ታዲያ እንዴት ነው? አሳዪኛ» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።